የአባባን በርኖስ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩ ጊዜ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን አስቀድሜ የምናገረው ልጅነቴን ሰበብ እንዳላደርግ ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት ሴት የምትሠራውን ታውቃለች ተብሎ ይታሰባል። እኔም አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ሲወጡ፣ ከመኪና ከወረዱ በኋላ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ ካለች መንደር ነው የምንኖረው፤ እኔና አባባ። አባባ ሸማኔ ናቸው። የጥጥ እንዳይመስላችሁ፤ የበግ ጠጉር ነው የሚሠሩት። ለብርድ የሚደረበውን ባና፣ ለመኝታ የሚነጠፈውን ዝተት፣ ክፉ ዝናብ የማይበሳውን በርኖስ። እኛ ቤት ሲነጋ መጀመሪያ የሚሰማው የዶሮ ጩኸት አልነበረም። አባባ እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ከተው መወርወሪያዋን ወዲያና ወዲህ ሲልኳት የምታሰማው ድምፅ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች እሷ ትፈትላለች፣ እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ጠጉር እለቅማለሁ። ክረምት ላይ የእርጥብ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞልቶ ልብሳችን ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤት ልጆቹ "በግ መጣች!" እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። ያን ጊዜ አለቅስ ነበር። ዛሬ ዝናብ የመታው በግ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብዬ አሸታለሁ። ሰው ካየኝ ጫማዬን የማስተካክል እመስላለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ያ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲመጣ ነው። ታውቁታላችሁ፤ የሚያብረቀርቅ፣ መሐሉ ላይ ነብር አፉን የከፈተበት። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይኮሰኩስም። ገበያተኛው ሁሉ ከነብር ጋር መተኛት ጀመረና የአባባ ባና ከቤት ተከመረ። ቁስሉ ላይ እንጨት የሰደዱበት ደግሞ አጎቴ ጥላሁን ናቸው። አጎቴ የአባባ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሽመናን ከአባባ ጋር ባንድ ጉድጓድ ተማሩና በሃያ ዓመታቸው ጥለው መርሐቤቴ ወረዱ። እዚያው ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማ ሱቅ ከፈቱ። ምን ይሸጣሉ? ነብሩን! አንድ ጊዜ ለፋሲካ ብለው ለአባባ አንድ ላኩላቸው። በቅን ልብ ነበር፤ አሁን ሳስበው። አባባ ግን ወስደው ለአህያዋ የጀርባ ግላስ አደረጉላት። ወሬው ዓለም ከተማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ለዓመታት አልተነጋገሩም።

በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አባባ ከገበያ ሁለት ባና ይዘው ሄደው ሁለት ባና ይዘው ተመለሱ። ዱላቸውን አስቀመጡና፣

"ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ይህን የሽመና ዕቃ እፈታዋለሁ፤" አሉ። "ጉድጓዱንም እደፍነዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ይዞ የሚኖር አይጥ ብቻ ነው።"

ቀልድ መስሏችሁ እንዳትስቁ። እኔም ልስቅ ብዬ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። አባባ ያን ጉድጓድ ከደፈኑት በማግሥቱ ጠዋት ተነሥተው የት እንደሚቀመጡ ላስበው አልቻልኩም። እናም፣ "እስከ ፋሲካ ስጡኝ፤ እኔ እሸጠዋለሁ፤" አልኩ። በምን? አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን መሐል ሜዳ ላይ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና አለ ተባለና ሄድኩ። የምታሠለጥነን ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር በእጇ አየሩን የምትከትፍ ልጅ ነበረች። "ሰው ዕቃ አይገዛም፤ ታሪክ ነው የሚገዛው!" አለች። እኔ ደግሞ ታሪክ ሲባል ማን ይችለኛል። ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አንብቤ ያደግኩ ሴት ነኝ። እዚያው መሐል ሜዳ እያለሁ ስልኬ ላይ የፌስቡክ ገጽ ተከፈተልኝ፤ "የመንዝ ሙቀት" ብዬ ሰየምኩት። ስሙን ሳገኘው የገዛ እጄን ጨበጥኩ።

የመጀመሪያው ፎቶዬ ግቢያችን ላይ የተሰጣ ባና ነው። ሳነሣው አንዲት ቀይ ዶሮ ገብታበት ኖሯል። አሥራ ሁለት ሰው ጻፈልኝ። ልቤ ሊፈነዳ! ሳነበው አሥራ አንዱ "ዶሮዋ ስንት ነው?" ይላል። አሥራ ሁለተኛው "ትጥላለች?" ይላል።

ሁለተኛውን ከመነሻው ልጀምር ብዬ ስለ በጎቻችን ጻፍኩ። ጠጉራቸው ብርዱን እንዴት እንደሚችል፣ እንዴት እንደሚሸለት፣ እናቴ እያንዳንዷን በስም እንደምትጠራ። አምሮ ነበር፤ እኔው ጽፌው እኔው አለቀስኩ። መልስ መጣ፤ "ለፋሲካ ሙክት አለሽ?"

ወደ አሠልጣኟ ደወልኩ። "ሰው ይጎድለዋል፤" አለችኝ። "ሸማኔውን አሳዪ! ፊቱን አሳዪ!"

አባባን ጠየቅኋቸው።

"ፊቴን?" አሉ። "ፊቴን ምን ሊያደርጉት ነው? ባናውን ይዩ።"

"ባናውን አዩት፤ ዶሮ ነው የጠየቁኝ።"

"እንግዲያው ዶሮዋን ሽጪላቸው!"

በዚህ መሐል ጓሳው ለሣር ተፈታ። ጓሳ እንዲሁ ማጭድ ይዘው የሚገቡበት ሜዳ አይደለም። ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና ሽማግሎቹ መክረው "ተፈቷል" ሲሉ ነው አገሩ ለቤት ክዳን ሣር ሊያጭድ የሚወጣው። አባባም አህዮቹን ነድተው፣ አሮጌ ባናቸውን ደርበው ወጡ። አራት ቀን እቆያለሁ አሉ። የክታቸውን በርኖስ፣ ፈረሳቸውንና እኔን ቤት ትተውን ሄዱ። ከሦስታችን ማንን መተው እንዳልነበረባቸው እናንተው ፍረዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐሳብ መጣልኝ። ፊታቸውን ባያሳዩስ? በርኖሳቸው አይበቃም? አርባ ክረምት የለበሱት፣ ለሰርጋቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት፣ እንደ ከሰል የጠቆረ በርኖስ ነው። ፈረሱን አወጣሁና ጫንኩት። በርኖሱን ኮርቻው ላይ ጣል፣ በላዩ ባርኔጣቸውን፣ ጎኑ ላይ ዱላቸውን ሻጥ አደረግኩ። ፈረሱ እንዳይንቀሳቀስ ገብስ ሰጠሁት። እንደ ንጉሥ ቆመ! ከበስተጀርባ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበረና ዓይን ሲወጋ ጊዜ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። ጀሪካኑን ማንሣት ይቀል ነበር፤ ይህን ያሰብኩት ከወር በኋላ ነው።

ፎቶውን ሳነሣ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ውኃ ተሸክመው ሲያልፉ ቆሙ። ፈረሱን አዩ፣ በርኖሱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ደህና ናችሁ?" አሉ።

"ደህና ነን እትዬ ሙሉ።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

አማተቡና ሄዱ። ፎቶው ያስደነቃቸው መሰለኝ።

መንደራችን ውስጥ ኔትወርክ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። ወጣሁ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፤ "ይህ በርኖስ የአባቴ ነው። አርባ ክረምት አብሯቸው ዘንቦበታል። ትከሻቸውን ያውቀዋል…" ከዚያ ቀጥዬ ስለ ጠጉሩ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ አባባ ዛሬም ድረስ እንደሚሸምኑ፣ ባና የሚፈልግ እንዲያዝ፣ ብቻ ሁለት ገጽ የሚሆን ጻፍኩ። ለጠፍኩት። ያን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ገጹ ላይ የሚታየው እስከ "ትከሻቸውን ያውቀዋል" ድረስ ያለው ብቻ እንደሆነ፣ ቀሪው "ተጨማሪ" የምትል ቃል ሲጫኗት እንጂ እንደማይወጣ ማን ይንገረኝ? ደስ ብሎኝ ወርጄ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቅብ አልወጣሁም።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ ዛሬ ሰው ሲሞት ፎቶውን አሳትሞ ድንኳን ላይ መስቀል ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ በርኖሱ ባዶው ኮርቻ ላይ ይጣላል፤ ባርኔጣውና ዱላው ይቀመጣል። ፈረሱ በለቅሶው መሐል ሲመራ ያየ ሁሉ ወገቡን ይዞ ያለቅሳል። እኔም ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አይቼ ሳለ፣ በገዛ እጄ ጭኜ፣ በገዛ እጄ ጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ "እንዴት ያምራል!" አልኩ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ የምለው የለኝም።

ዓለም ከተማ ላይ የአጎቴ ልጅ ሰላማዊት ፎቶውን አየችና ስልኳን ባንኮኒው ላይ ለአባቷ ዘረጋች። "አባዬ፣ የአባባ ደምሴ ፈረስ አይደለም?" አጎቴ አንድ ጊዜ አዩ። ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ለደንበኛ የዘረጉትን ነብር ለቀው መሬት ተቀመጡ። ለእኔ ቢደውሉ ስልኬ አይሠራም። መሐል ሜዳ ላለ ዘመድ ቢደውሉ፣ "እኛም አሁን ማየታችን ነው፤ ለእኛ እንኳ አልነገሩንም!" አለ። በቃ፤ መርዶው ጸና። ሚኒባስ ተኮናተሩ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ ጠጉር ሳባዝት ከመንገዱ ወዲያ የዋይታ ድምፅ ሰማሁ። ለቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ተብሎ ተጠይቆ አይወጣም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ደረስኩና እኔም እዬዬ አልኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ከልቤ ነበር። እንባዬን ስጠርግ አጎቴ ጥላሁንን አየሁ። ለዓመታት ያላየኋቸው አጎቴ! አንገቴን ያዙና፣

"አባትሽን! አባትሽን ልጄ!" አሉ።

አባባ ጓሳ ላይ ናቸው። ገደል ገብተው ይሆናል፣ ብርድ ገድሏቸው ይሆናል፣ መርዶውን ይዘው የመጡት እነዚህ ናቸው አልኩ። ጮኽኩ። እሳቸው ደግሞ እኔ እንዲህ ስጮኽ ሲያዩ፣ ቅንጣት ጥርጣሬ ካላቸውም ያን ጊዜ ጠፋ። እኔ እሳቸውን አምኜ፣ እሳቸው እኔን አምነው ተቃቅፈን ተላቀስን። "እንዴት ሞቱ?" ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ልጅን አባትሽ እንዴት ሞተ ብሎ በዚያ ሰዓት የሚጠይቅ ባለጌ ከመሐላችን አልተገኘም።

መንደሩ ተሰበሰበ። እትዬ ሙሉ፣ "እኔስ ሰኞ ዕለት ጠርጥሬ ነበር!" እያሉ ደረት መቱ። አንዱ ፈረሱን ጫነ፤ አንዱ በርኖሱን አወጣ። ካሳ የሚባለው የለቅሶ ፈረስ ሥርዓቱን ጠብቆ ግቢያችን መሐል ቆመ። ልክ እንደ ፎቶዬ፤ ልዩነቱ ጀሪካኑን አንሥተውታል። ከመርሐቤቴ አብረው የመጡት አልቃሽ እትዬ ዘነበች ጀመሩ፤

"ኮርቻው ተጭኖ ፈረሰኛው የለ፣
በርኖሱማ ይኸው፣ ትከሻው የት አለ?"

አገሩ ተናወጠ። ከዚያ አጎቴ ጥላሁን ወደ ፈረሱ ቀረቡ፤ የበርኖሱን ጫፍ ያዙና እያለቀሱ ተናገሩ።

"ወንድም ጋሼ! ጉድጓዱን ለብቻህ ትቼብህ የሄድኩት እኔ ነኝ! እጅህን እያየሁ ተምሬ እጅህ የሠራውን የሚያስቀር የሸጥኩ እኔ ነኝ! ይቅር በለኝ እንዳልልህ ግትር ነበርክ፤ ልምጣ እንዳልል እኔም ካንተ የባስኩ ግትር!"

እኔ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ ውስጥ ዛሬም ድረስ የምሰማው ይህን ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ አባባ ደርሰዋል። ሣር የተጫኑ አህዮቻቸውን ነድተው ሲመጡ ግቢያቸው በሰው ተሞልቶ አዩ። እሳቸውም የአገር ሰው ናቸውና አህዮቹን ከአጥሩ ውጭ አቆሙ፤ የደረቡትን ባና አዘቀዘቁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ከዳር የቆመችውን የመርሐቤቴ ሴት ጠየቋት። ይህን በኋላ ያወራችን ራሷ ናት።

"ማንን ነው የኔ እህት?"

"ሸማኔውን። ባለ በርኖሱን።"

"ወይኔ! እንዴት ያለ ሰው ነበር?"

"ደግ ነበር ይላሉ። ግን ግትር።"

"ግትር ያለው ማነው?"

"ወንድሙ። ያውና ፈረሱን ይዞ።"

አባባ ሰዉን በክርናቸው እየከፈቱ ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ወንድማቸውን አልነበረም፤ በርኖሳቸውን ነው።

"ይህን በርኖስ ማነው ፀሐይ ላይ ያወጣው?" አሉ።

ሰው ሁሉ በቆመበት ቀረ። እትዬ ዘነበች አዲስ ግጥም ከፍተው ነበር፤ አጋማሹ አፋቸው ውስጥ ቀረ። እትዬ ሙሉ ከበጎቹ በረት ኋላ ተደበቁ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፤ ለማሳለም ይሁን ለማባረር እሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም። እኔ ሮጬ አባባን ነካኋቸው። ሞቀው ነበር፤ ሣር ሣር ይሸቱ ነበር። እዚያው እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ።

"ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ?" አሉ።

"ሞተሃል ተብዬ!" አሉ አጎቴ።

"ማነው ያለው?"

ሰላማዊት ስልኳን አወጣች። ሁሉም ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በፊት እንዳዘኑልኝ አሁንም ቢያዝኑልኝ በወደድኩ ነበር። ሰላማዊት ፎቶውን ስታሳያቸው ጣቷ "ተጨማሪ" ላይ አረፈና ቀሪው ተዘረገፈ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። "አባቴ ዛሬም ድረስ ማልደው ተነሥተው ይሸምናሉ። ባና የምትፈልጉ በዚህ ስልክ…"

ቄሱ መጀመሪያ ሳቁ። "ጋሽ ደምሴ፣ ፋሲካን እንኳ አልጠበቁም!" አሉ።

አባባ ግን አልሳቁም። ወንድማቸውን ነበር የሚያዩት። አጎቴ ጥላሁን የበርኖሱን ጫፍ ገና አልለቀቁትም።

"ሁሉንም ሰማሁት፤" አሉ አባባ።

"እንግዲህ ሰማህ፤" አሉ አጎቴ።

"ግትር ያልከኝንም።"

"እሱን ደግሜ እልሃለሁ።"

ተሳሳሙ። ትከሻ ለትከሻ እየተገጫጩ፣ ለረጅም ጊዜ።

የመርሐቤቴ ሰዎች ለቆላ የሚሆን ስስ ልብስ ነበር የለበሱት፤ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የመንዝ ብርድ መጣባቸው። ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ አባባ ወደ ቤት ገቡና ከክምሩ ባና እያወጡ ለእያንዳንዱ በእጃቸው ደረቡለት። ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ቀረበ፤ ከለቅሶ ቤት በሳቅ የሚበላ ንፍሮ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። አባባ አንድ ጥግ ላይ ቆመው፣ በሠሩት ባና የተጠቀለለውን ሰው አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ስንት ጊዜ ገበያ ይዘውት ሄደው የተመለሱት ባና ሁሉ ሰው ላይ ነው። እንደዚያ ሲያዩ ፎቶ አነሣኋቸው፤ ፊታቸውን። አልተቆጡም።

በማግሥቱ እንግዶቹ ሲሄዱ ብዙዎቹ ባናውን ማውለቅ እምቢ አሉና ገዝተው ሄዱ። እትዬ ዘነበች፣ "ለግጥሜ ነው!" ብለው በነፃ ወሰዱ። እኔ ኮረብታው ላይ ወጥቼ አዲሱን ፎቶ፣ "አባቴ አልሞቱም፤ ባና አለ" በሚል ርዕስ ለጠፍኩ፤ በዚህ ጊዜ ጽሑፉን አሳጠርኩት። ሰው ለሰው እያሳየ ከደብረ ብርሃንም ከአዲስ አበባም ትእዛዝ መጣ። ብዙ አይደለም፤ ግን ከመሐል ሜዳ በአውቶቡስ የምልከው አላጣሁም። እርግጥ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ብለው የጻፉም ነበሩ። አንዱ ደግሞ ፈረሱን በስንት ትሸጫለሽ ብሎኛል።

ዳግማይ ትንሣኤ መጣና አለፈ። አባባ ዕቃውን ስለ መፍታት ምንም አላነሡም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ግን ትእዛዙ ለአንድ ሽማግሌ እጅ በዛ። ማታ ወገባቸውን ሲይዙ እያየሁ፣ የጀመርኩት ነገር ሌላ መልክ ይዞ ሊጎዳቸው ነው ብዬ ሠጋሁ።

ግንቦት ሲያልቅ አጎቴ ጥላሁን ከዓለም ከተማ መጡ። ሱቁን ለሰላማዊት ሰጥተው ነበር የመጡት። መቆፈሪያ ከእኛ ተቀብለው ከአባባ ጉድጓድ ጎን፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው፣ ሌላ ጉድጓድ ቆፈሩ። እግራቸውን ከተው ለኩት፤ ጠበባቸውና ትንሽ ጨመሩበት። ከዚያ ላባቸውን ጠርገው ማግ አቀብዪኝ አሉኝ።